ግንባታ ላይ

የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን የቅርጫት ኳስ ደጋፊ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር ገና አልተፈጠረም። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2021-22 በቢግ ኢስት ሊግ 19 ጊዜ ተጫውቶ 19ኙንም ተሸነፈ። ደጋፊው ግራጫ ሹራቡን እንደለበሰ «ግንባታ ላይ ነን» አለ። እውነቱን ነው፤ መሠረት የሚቆፈረው ወደ ታች ነው። በቀጣዩ ዓመት 20 ተጫውተው 2 አሸነፉ። ከዜሮ ወደ ሁለት! ዕድገቱን በፐርሰንት ላውጣ ቢል ካልኩሌተሩ እምቢ አለው፤ በዜሮ አይካፈልማ። አሠልጣኙ ፓትሪክ ዩዊንግ፣ በተጫዋችነቱ የ1984ቱን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ከዚሁ ቡድን ጋር ያነሣው ጀግና፣ ተሰናበተ። ተጫዋቾቹም እየተነሡ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ደጋፊው ይህንንም በእልልታ ተቀበለው፦ የሄዱት ሲሸነፉ የከረሙት ናቸው፤ የሚመጡት ግን በዚህ ማሊያ አንድም ጨዋታ ተሸንፈው አያውቁም።