ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 በጅማና በአካባቢዋ፦ የዋጋ አወሳሰን ጥናት

የጥናቱ ዳራ

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በቦንጋ የቡና ዋጋ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። የእሸቱንም፣ የጀንፈሉንም፣ የታጠበውንም ለይቶ ይነግራችኋል፤ ትናንት ስንት እንደነበረና ነገ ስንት እንደሚገባ ሳይቀር። ይኸው ሰው አልጋው ሥር ያስቀመጠውን ፕሌይስቴሽን በስንት እንደሚሸጥ ሲጠየቅ ግን ቀና ብሎ ጣሪያውን ያይና «አንተ በስንት ትወስደዋለህ?» ይላል። ለቡናው ጅማ አጠገብ መልኮ ላይ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምርምር ማዕከል ቆሞለታል። ለፕሌይስቴሽኑ የቆመለት የለም። የዚህ ጥናት ዓላማ ክፍተቱን መሙላት ነው።

የዕድሜ ጉዳይ

ሶኒ ይህን ማሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው ማርች 4 ቀን 2000፣ በእኛ የካቲት 25 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ማምረት ያቆመው በጃንዋሪ 2013 ሲሆን እስከዚያ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ግኝት ነው፦ ሻጩ «የ2000 ሞዴል ነው» ሲል አልዋሸም፤ ገዢውም በራሱ አቆጣጠር ሲሰማው አልተሳሳተም። በመካከል ግን ማሽኑ ከተቀመጠበት ሳይነሳ በስምንት ዓመት ወጣት ሆኗል። ሁለት የዘመን አቆጣጠር መኖሩ ለንግድ ያለው ጠቀሜታ እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም።

በውጭው ዓለም ያረጀ ጌም የሚሸጠው በቅርስነት ነው። በጁላይ 2021 አሜሪካ ውስጥ «ሱፐር ማሪዮ 64» የተባለ ጌም በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ይህን ሁሉ ያወጣው ማሸጊያው ሳይከፈት ስለቆየ፣ ማለትም ማንም ስላልተጫወተበት ነው። ይህ መስፈርት አጋሮ ላይ አይሠራም። ማንም ያልተጫወተበት ዕቃ እዚያ «ምን ሆኖ ነው?» ያስብላል። ፈረንጅ ዘንድ ፕሌይስቴሽን 2 ጡረታ ወጥቶ የክብር ቦታ ተሰጥቶታል፤ እኛ ዘንድ ገና ሥራ ላይ ነው። ዋጋውም ሊታይ የሚገባው በሠራተኛነቱ ነው።

ጥሬውና ቅምሻው

ምዘናውን ከሌላ አገር መዋስ አላስፈለገም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን ሲመዝን ጥሬውን ከ40፣ ቅምሻውን ከ60 ነጥብ ይይዛል። ይኸው አሠራር ሳይሸራረፍ ተወስዷል።

ጥሬው ከ40፦ እዚህ የሚታየው ሽፋኑ፣ ገመዱና ከሁሉም በላይ ጆይስቲኩ ነው። ገዢው ጆይስቲኩን ተቀብሎ ቁልፎቹን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ይዳስሳል። በፔስ የእግር ኳስ ጨዋታ ጎል የሚመታው በካሬው ነው፤ ስለዚህ የካሬው ምልክት መጥፋቱ የተለመደ ነው፣ ነጥብ አይቀንስም። ካሬው ልሞ ሦስት ማዕዘኑ አዲስ እንደሆነ ከቀረ ግን ባለቤቱ ሰንጥቆ ማቀበል የማያውቅ፣ ከመሐል ሜዳ የሚመታ ሰው እንደነበር ይታወቃል። እንዲህ ያለ ሰው ሲሸነፍ ጆይስቲክ ይወረውራል ተብሎ ስለሚጠረጠር ነጥብ ይቀነሳል።

ቅምሻው ከ60፦ ዲስክ ይገባል፤ ሌንሱ ጠር ጠር ይላል፤ ሁሉም ዝም ይላል። ካነበበ መልካም። ካላነበበ ሻጩ ዲስኩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ይመልሰዋል። አሁንም ካላነበበ ማሽኑን በጎኑ ያቆመዋል፤ ቀጥሎ ይገለብጠዋል። ተገልብጦ ካነበበ «እሱ እንደዚህ ነው የሚወደው» ይባላል፤ ጉድለትነቱ ቀርቶ ጠባይ ሆኖ ይመዘገባል። መብራት ከሌለ ቅምሻው ይቀርና ዋጋው በሻጩ መሐላ ይወሰናል። በዚህ ሁኔታ ከ60 በታች ያመጣ ማሽን አልተገኘም።

ከጅማ የሚወጣው ያልታጠበ ቡና በዓለም ገበያ ከሚታወቅባቸው ስሞች አንዱ «ጅማ 5» ነው። እንከኑ የታወቀ ነው፤ ገዢም አጥቶ አያውቅም። የተመዘኑት ማሽኖች በሙሉ የተመደቡት በዚሁ ደረጃ ነው።

የገቢ ትንተና

በጌም ቤት ሕግ ተሸናፊ ይከፍላል። አንድ ግጥሚያ 10 ብር፣ በቀን 40 ግጥሚያ ነው እንበል፤ የቀን ገቢው 400 ብር ይሆናል። ኪራይና መብራት ሲቀነስ የሚተርፈው የማሽኑ እውነተኛ ዋጋ መነሻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሻጭ የሚስተው ነጥብ አለ። አንድ ጆይስቲክ ብቻ ያለው ማሽን ዋጋው በግማሽ የሚቀንስ ይመስለዋል። ስሌቱ እንደዚያ አይደለም። ብቻውን የሚጫወት ሰው የሚያሸንፈው ኮምፒውተሩን ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ተሸንፎ ከፍሎ አያውቅም።

ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ «ዶላር ጨምሯል እኮ» የሚለው ማስረጃ በስፋት ይቀርባል። «ማሽኑ ከገባ ጀምሮ ከከተማው ወጥቶ አያውቅም» የሚለው የገዢ ተቃውሞ ግን አያዋጣም። ምትክ ጆይስቲኩም ሆነ ምትክ ሌንሱ ከውጭ ስለሚመጣ የአሮጌው ዋጋ የአዲሱን ተከትሎ ይወጣል። ሻጩ ይህን ምክንያት አያውቀውም፤ መደምደሚያውን ግን አይስትም።

የወቅት ተጽዕኖ

ቡና ተለቅሞ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ማለትም ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሁሉም ገዢ ነው። በነሐሴ ሁሉም ሻጭ ነው። ችግሩ ተጫዋቹ በተቃራኒው መምጣቱ ላይ ነው፦ በክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጁ ይመጣል፣ ብር የለውም፤ በኅዳር ብር አለው፣ ለቀማ ላይ ነው።

ድርድር

«የመጨረሻው ስንት ነው?»

«አንተ ጥራ።»

«ዕቃው ያንተ፣ እኔ ምን ብዬ ልጥራ?»

«ወላሂ፣ ትናንት አንድ ሰው ጥሩ ብር ሰጥቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሸጥክለትም?»

«ፊቱ ደስ አላለኝም።»

ይህ ትናንት ጥሩ ብር የሰጠው ሰው ለጥናቱ እጅግ አስፈላጊ ስለነበር ተፈልጓል። ጅማ መርካቶ ትናንት ነበረ፤ አጋሮም ትናንት ነበረ፤ ሊሙ ገነትም እንዲሁ። በየደረሰበት ከፍተኛውን ዋጋ ይሰጣል፤ በየትኛውም ቦታ ሳይገዛ ይሄዳል። የአካባቢውን ዋጋ የሚወስነው እሱ እንደሆነ አያጠራጥርም።

ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

ለሻጭ፦ በኅዳር፣ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር ሽጡ፤ ዋጋውንም ራሳችሁ ጥሩ። ከመጥራታችሁ በፊት ስትጫወቱበት የቆያችሁባቸውን ዓመታት ትዝታ ከሒሳቡ አውጡ፤ ገዢ ለእሱ አይከፍልም።

ለገዢ፦ በነሐሴ፣ መብራት ባለበት ሰዓት፣ የራሳችሁን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። ከወጪ ተርፎ በሚገኘው ገቢ እስከ ቀጣዩ ሰኔ ገንዘባችሁን የማይመልስ ከሆነ ውድ ነው፤ ተዉት።

ለሁለቱም፦ በመካከላችሁ ያለው ደላላ ኮሚሽኑን ከሁለታችሁም ይቀበላል። በዚህ ገበያ ዋጋውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ለዚህ ጥናት ግን ሳይከፈለው ቃሉን ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነም።