ጡረታ የወጣሁት ዶሮ ልጠብቅ ነው እንዴ?

ድሮ ዶሮ ማርባት ማለት ጠዋት በር መክፈት፣ ማታ በር መዝጋት ነበር። እናቴ ጓዳ ውስጥ ቆጥ ላይ አሳድራቸው፣ ሲነጋ እፍኝ ጥሬ በትና «ውጡ!» ትላቸዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ዶሮ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ዕድሜ ልኬን መዝገብ ቤት አገልግዬ፣ አሁን ጋቢዬን ለብሼ ፀሐይ ልሞቅ ነው ስል፣ ከእንጦጦ ግርጌ የዶሮ ዘበኛ ሆኜ አረፍኩት።

ጠላቴ ሽለምጥማጥ ነው። ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ በሩ ነው። በልቶ ቢሄድ እንኳ ባልከፋ፤ አንዴ ከገባ ግን ያገኛትን ሁሉ አንገቷን እየነከሰ ይጥልና የሚበላው አንዷን ነው። ዶሮዋስ ብትሆን? ጀንበር ከጠለቀች አታይም፤ ጡረታ ለመቀበል እንደተሰለፍን ሰዎች ቆጧ ላይ ሆና ተራዋን ትጠብቃለች።

መከላከያው ሽቦ ነው ይላሉ። ሱቅ ሁሉ የሚሸጠው ያ ለስላሳ፣ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ሽቦ ግን ዶሮ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይከለክልም። ውሻ ይበጥሰዋል። የሚያስተማምነው ቀዳዳው ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ጠንካራ የተበየደ ሽቦ ነው። ዋጋውን ስሰማ፣ የራሴ መኝታ ቤት መስኮት ተሰብሮ በካርቶን እንደተደፈነ ትዝ አለኝ። ሽቦው ደግሞ ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መቀበር አለበት፤ ቆፍሮ የሚገባም አለና። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ማን ይመስላችኋል? ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ ነዋ! በሩ ላይ መቀርቀሪያ ብቻ አይበቃም ተብሎ ጓጉንቸር ተገዝቷል።

ቀን ደግሞ ጭልፊት አለ። የሐበሻዋ ዶሮ ገና ጥላውን ስታይ ትንጫጫና ጫጩቶቿን ይዛ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። ልጄ ያመጣቸው ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት ግን አንገታቸውን አጣመው ይመለከቱታል። ምን ያድርጉ፣ ጭልፊት የማያውቀው አዳራሽ ውስጥ አድገው! ለነሱ ሲባል ከላይ መረብ ተዘረጋ፤ ግቢያችንን የአሣ ገበያ አስመሰሉት።

እርግጥ ነው፣ የሐበሻዋ በዓመት 60 እንቁላል ከጣለች ተመስገን ነው፤ ቦቫንስ በደንብ ከተያዘች 300 ታልፋለች። «በደንብ ከተያዘች» የምትለዋ ናት ቤቴን ያፈረሰችው። በቀን 110 ግራም ያህል የጣይ መኖ ይሰፈርላታል፤ ፕሮቲኑ 16 በመቶ፣ ካልሲየሙ ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ብቻውን 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል፤ ከመኖዋ ካጣች ከገዛ አጥንቷ እያነሳች ትሠራዋለች፣ ቅርፊቱም እየሳሳ ይሄዳል። ለእኔም ሐኪሙ «አጥንትዎ ሳስቷል፣ ወተት ይጠጡ» ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ «ወተት ተወደደ» ብላ ዝም አለች። ለዶሮዎቹ ግን የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላ፣ አድርቃ፣ በሙቀጫ አልማ በሰሃን ታቀርባለች።

መብራትም አላቸው። ጣይ ዶሮ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ቆይታ ትጠልቃለች። ቀሪውን በአምፖል መሙላት ነው። እናም ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት፣ እኔ ኩርሲ እየመታኝ ሽንት ቤት ስፈልግ፣ የልጅ ልጄ «አባባ፣ የዶሮዎቹን ባትሪ አይተኸዋል?» ይለኛል።

በፈንግል አልቀልድም። ያ በሽታ ዛሬ ገብቶ በጥቂት ቀን ውስጥ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ይጨርሳል፣ ከያዘ ወዲያ መድኃኒት የለውም። መላው ቢሾፍቱ የሚመረተውን ክትባት ቀድሞ መስጠት ነው፤ ጠብታው ዓይናቸው ውስጥ ይገባል፣ በየጥቂት ወሩም ይደገማል። ባለቤቴ እያንዳንዷን አቅፋ፣ «አይዞሽ የኔ እናት» እያለች ታስከትባለች። የእኔ የዓይን ጠብታ ካለቀ ከርሟል፤ የጠየቀኝ የለም።

እንቁላሉስ? ንጹሕ የጤፍ ጭድ አንጥፎ በቀን ሁለቴ መሰብሰብ ነው፤ ከዋለ ይቆሽሻል፣ ከተሰበረ ደግሞ ዶሮዋ ቀምሳው ትለምዳለች፣ ከዚያ በኋላ የገዛ እንቁላሏን የምትበላ ዶሮን ማን ያስተዋት? ጎረቤቴ እንቁላል ከጎጆው አንስታ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ትዘፈዝፋለች። ቅርፊቱ ላይ ዓይን የማያየው መከላከያ ሽፋን አለ፣ ሥሩም በሺህ የሚቆጠር ቀዳዳ ነው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው ብላት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጓዳ የገቡት?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ፊት!

በነገራችን ላይ ሐኪሙ አስኳል ቀንስ ብሎኛል። ስለዚህ እጠብቃለሁ፣ እለቅማለሁ፣ እቆጥራለሁ፤ የሚበሉት ሌሎች ናቸው። ትናንት ማታ የልጅ ልጄ ሃያ ጫጩት እንጨምር የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። «ማን ይጠብቃቸዋል?» አልኩ፣ ቆጣ ብዬ። ባለቤቴ ጥጧን እየፈተለች፣ ቀና ሳትል መለሰች፦

«ምን ቸገረህ፣ አንተ እንደሆነ እንቅልፍ አይወስድህ።»