ፎምና አልሙኒየም

ቃሊቲ ለሚኖር ሰው ስልክ ማንሳት ቀላል ነገር አይደለም። «የት ነህ?» ይሉታል። «ቃሊቲ ነኝ» ይላል። ከወዲያ በኩል ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ በለቅሶ ቤት ድምፅ፣ «ውይ ወንድሜን! መቼ ገባህ?»

ማረሚያ ቤቱ የሰፈሩን ስም ጠቅልሎ ወስዶታል። ድሮ ይህን ሸክም የተሸከመው «ከርቸሌ» ነበር። ቃሉን ጣልያኖች ትተውልን ሄዱ፤ እስር ቤቱ ራሱ ፈርሶ በቦታው በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንጻ ተመረቀ፤ ስሙ ግን ሥራ እንዳይፈታ ወደ ደቡብ ተዛወረ። አሁን «ቃሊቲ ወረደ» የተባለ ሰው ቤት ሊገዛ እንደሄደ የሚያስብ የለም።

የዚህ ወግ ሰው የገባው በፈቃዱ ነው። ከማረሚያ ቤቱ አጥር ብዙም የማይርቅ ግቢ አለው። በጓሮው ደግሞ በአሮጌ ቆርቆሮ የተከለላት ጎጆ አለች። እሱ «ወርክሾፕ» ይላታል፤ ባለቤቱ «ያቺ ጉድ» ትላታለች። ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ሞተር አውልቆ የመሳያ ማሽን ሊሠራ ተነሣና አንድ ነገር ጎደለው፤ ፑሌጃ። መርካቶ ወርዶ መግዛት ይችል ነበር። ጎረቤቱ አቃቂም ቢሆን የራሱ ማቅለጫ ያለው የመለዋወጫ ፋብሪካ ያለበት አገር ነው። ሰውየው ግን ፑሌጃውን ከአልሙኒየም፣ በገዛ ጓሮው፣ በፎም ቅርጽ አቅልጦ ሊያወጣ ቆረጠ። ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል፤ እስካሁን ዝግጅት ላይ ነው።

ዘዴው እንግዳ መስሎ ይታያል እንጂ የአገራችን ሰው ስሙን በየዕለቱ ይጠራዋል። አንጥረኛው መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶው ቦታ ላይ ወርቁ ወይም ናሱ ይፈሳል። የቅኔ ሊቃውንት «ሰምና ወርቅ» ያሉት ይህንኑ ከአንጥረኛው ተውሰው ነው። ሃሮልድ ሽሮየር የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 በሰሙ ፈንታ ፎም አስገብቶ የፈጠራ መብት አገኘበት። እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ የወጣችው ሳተርን የተባለች የአሜሪካ መኪና የሞተሯ ብሎክና ቴስታታ ቀልጠው የተሠሩት በዚሁ በፎም ዘዴ ነበር።

ልዩነቱ አንድ ነው፤ እሱም ሰውየውን እንቅልፍ የነሣው ነው። ሰም አስቀድሞ ይወጣል፤ አንጥረኛው ቦታው መለቀቁን አይቶ ወርቁን ያፈሳል። ፎም ግን አሸዋ ውስጥ እንደተቀበረ ይቀመጣል፤ የቀለጠው አልሙኒየም ራሱ እየገባ ያተነዋል። ወርቁ እየገባ ሰሙን የሚያባርርበት ቅኔ ነው። ስለዚህ ማየት የለም፣ ማረም የለም፤ ዘራፊው መሐል ላይ ከተደናቀፈ ቅኔው እዚያው ይበላሻል።

ፎሙ የተገኘው ከጎረቤት የቴሌቪዥን ካርቶን ነው። ይኸኛው ነጩ፣ ሲፈርስ እንደ በረዶ የሚበተነው ነው። የፍራሹ ፎም ሌላ ነው፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ መርዝ ስለሆነ ባለቤቱ ፍራሿን በከንቱ ነበር የደበቀችው። ሰውየው ቅርጹን ቆርጦ ሰፈር ሱቅ ወሰደና ሚዛን ላይ አስቀመጠው። 15 ግራም! ባለሱቁ ሚዛኔ ተበላሸ ብሎ መታ መታ አደረገው። የዚህ ዓይነቱ ፎም ከመቶው 98 እጁ አየር ነው፤ በ15 ግራም ፎም የተያዘውን ቦታ ለመሙላት ግን 2 ኪሎ ግድም አልሙኒየም ይፈልጋል። በዚያ ላይ አልሙኒየም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ 20 ሳንቲሜትር የነበረው ፑሌጃ በ2.6 ሚሊሜትር ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አተልቆ መቁረጥ፣ ለቶርኖ የሚላጥም መተው ያስፈልጋል።

ፎም በቢላ አይቆረጥም፣ ይቦጨቃል። የሚቆርጠው የጋለ ቀጭን ሽቦ ነው። እንዲህ ያለ ሽቦ ደግሞ በየቤቱ አለ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ። በማግስቱ ከዚያ ቤት የወጣው እንጀራ በአንድ በኩል ዓይን በዓይን፣ በሌላ በኩል ሊጥ ነበር። ምስክር አላስፈለገም።

ለማቅለጫው ቁርጥራጭ ሲባል «ቁራሌው» የሚለው ልጅ የግቢው ቤተኛ ሆነ። እዚህ ላይ ሰውየው እውነትም ተምሯል። የለስላሳ ጣሳ እሳት ላይ ሲወርድ አብዛኛው አረፋና አመድ ሆኖ ይቀራል። የመስኮት ፍሬም ይቀልጣል፤ ግን ወፍራም ነው፣ ጥግ ድረስ አይሄድም። የሚሻለው ድሮውንም ቀልጦ የተሠራ ነገር ነው፤ አሮጌ ፒስተን፣ ቴስታታ፣ ቸርኬ። ውስጡ ያለው ሲሊኮን እንደ ውሃ እንዲፈስ ያደርገዋል። (የወርክሾፑ ዕቃ ሁሉ ስሙ ጣልያንኛ ነው፤ ከርቸሌም የዚያው ቤተሰብ ነው።) ከማግኒዝየም ግን ይጠንቀቁ፤ መልኩ ከአልሙኒየም አይለይም፤ አንዴ ከነደደ ውሃ ሲደፉበት ይብሳል።

ምድጃው ተሠርቷል፤ የ20 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ፣ ውስጡ እንደ ቤት ግድግዳ በጭቃና በጭድ የተመረገ። ጭዱ ሲቃጠል ትናንሽ ክፍተት ይተዋል፤ እነሱ ሙቀቱን ይይዛሉ። ከሰል አለ። በወናፍ ፈንታ የፀጉር ማድረቂያ ተመድቧል፤ የማን እንደሆነ አይጠየቅ። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው የአሸዋው ነገር ነው። አሸዋው አጥንቱ ድረስ መድረቅ አለበት፤ ጠብታ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 እጥፍ ያህል ያብጣል፤ የቀለጠውን ብረትም ፊት ላይ ይረጨዋል። ሰውየው አሸዋውን በዱቄት ወንፊት ነፋው (የወንፊቱ ጉዳይ ገና በሽምግልና ላይ ነው)፣ ከዚያ ብረት ምጣድ ላይ ጥዶ ያምስ ጀመር። አንዲት ጎረቤት በአጥር አሻግረው፣ «ቆሎ ነው ልጄ?» አሉ።

«አሸዋ ነው እማማ።»

አማተቡ። እስከ ዛሬ ለባለቤቱ የጠበል አድራሻ ያቀብላሉ።

በመጀመሪያ ሐሳቡ ቅርጹን ጓሮ ቆፍሮ መቅበር ነበር። ግማሽ ሜትር እንደወረደ ሌላው ጎረቤት ጋቢውን ደርቦ መጣና ጉድጓዱን አየ፤ የማረሚያ ቤቱን አጥር አየ፤ እንደገና ጉድጓዱን አየ። «ወንድሜ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የምትቆፍረው?» ጉድጓዱ በዚያው ቀን ተደፈነ። ይፋ የሆነው ምክንያት አፈሩ መረሬ ነው፣ ውሃ ይይዛል የሚል ነው፤ እውነትም ነው። ቅርጹ አሁን የሚቀበረው በብረት ባልዲ ውስጥ ነው፤ ባልዲውን እየመቱ አሸዋውን ማጠቅጠቅ ብቻ ነው።

አንድ ማታ ባለቤቱ ስትመረው ወደ ታሪክ ሸሸ። «አፄ ቴዎድሮስ እኮ በአንድ ቀን አላቀለጡም» አላት። በ1859 ዓ.ም. ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ወንጌል ሊሰብኩ ከባዝል አካባቢ የመጡ ሚስዮናውያን፣ የመድፍ ሥራ ሙያቸው ያልሆነ ሰዎች፣ እየወደቁ እየተነሡ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል አወጡ። ከዚያ መንገድ እየተጠረገ በሰው ጉልበት መቅደላ ወጣ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ባለቤቱ በትዕግሥት ሰማችው። «ቢሆንም» አለች፣ «ከእቴጌ ጥሩወርቅ ምጣድ ሽቦ አልነቀሉም።»

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ፎሙ እንዲሁ ከተቀበረ የጋለው ብረት አሸዋውን ስለሚያፈርሰው ቆዳ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ የግድግዳ ስቱኮ እንደ አጥሚት ቀጥኖ ይቀባል። ስቱኮው ብረቱን ይይዛል፣ የፎሙን ጭስ ግን ያሳልፋል። ሲነክሩት ፎሙ ይንሳፈፋል፣ በጣት ይደፈቃል፣ እንደገና ብቅ ይላል፤ በመጨረሻ ግን ተለበጠ። ከላይ የብረቱ መግቢያ የሚሆን ጣሳ ተዘጋጅቷል። የቆዳ ጫማ፣ የፊት መከላከያ፣ የጥጥ ሱሪ አለ፤ ናይለን ቆዳ ላይ ስለሚቀልጥ ተከልክሏል። ብረቱ የሚፈሰው ደጅ ላይ፣ እንደ ቡና ሳያቋርጡ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው።

ችግሩ ወሩ ሐምሌ መሆኑ ነው። ነጩ ፑሌጃ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ በየጠዋቱ በጣት ይነካል፣ በየጠዋቱ እርጥብ ነው።

ባለፈው እሑድ የድሮ ጓደኛው ደወለ።

«የት ጠፋህ?»

«ቃሊቲ ነኝ።»

ጸጥታ። «አይዞህ ወንድሜ። መቼ ትወጣለህ አሉህ?»

ሰውየው ወደ ቁም ሳጥኑ ቀና ብሎ አየ። «ስቱኮው ሲደርቅ።»