ቅጠል ቀጣፊው

ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትወርዱ፣ ሰቃን አልፋችሁ ሸቤን ታገኛላችሁ። አጎቴ እዚያ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ቡና አለው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ፣ በረንዳ ላይ፣ በባልዲ የተተከለ ቲማቲም አለኝ። የቲማቲምን ታችኛ ቅጠል መቀንጠስ እችልበታለሁ። ጣጣው ከዚህ ችሎታ ነው የመጣው።

የሄድኩት በየካቲት ማለቂያ ነበር። ዝናብ ከጣለ ዐሥር ቀን ገደማ ሆኖት፣ ጠብታ ሲጠብቅ የከረመው እንቡጥ ሁሉ በአንድ ሌሊት ፈንድቶ ጓሮው ነጭ ለብሷል። ሽታው እንኳን ንቡን እኔንም አስክሮኛል። አበባው በሁለት ሦስት ቀን እንደሚጠወልግ ስለማውቅ ለመርዳት ቸኮልኩ። ጤነኛው፣ ሰፊው፣ የሚያብለጨልጨው ቅጠል ፀሐይ ከልክሎታል ብዬ ፈረድኩ። አጎቴ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ዐሥራ አንድ እግር ቡና ላጭቼ ጨርሻለሁ።

ያውም የመረጥኩት አጠር ብሎ ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ያለውን 74110ን ነው። ይህ ዝርያ በ1971 እ.ኤ.አ. አገራችን ገብቶ ፍሬ ያጠቁር የነበረውን በሽታ እንዲቋቋም በመልኮ የምርምር ማዕከል የተመረጠ ነው። በሽታው ያልደፈረውን እኔ ደፈርኩት።

አጎቴ አልጮኸም። ከመሬት አንድ ቅጠል አነሳና አገላበጠው፤ ከሥሩ ጋር ሦስት አበባ ተገሽልጦ መጥቷል። ለካ ቡና የሚያብበው በቅጠሉ ብብት ነው!

«ቅጠሉ ምን አደረገህ፣ ልጄ?»

«ፀሐይ እንዲያገኝ ብዬ...»

«ፀሐይ ብፈልግ ዋንዛውን አልቆርጥም ነበር?»

መቁረጥ የማይወድ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለቀማ ካለቀ በኋላ ከግንዱ የሚፈልቀውን ትርፍ ቡቃያ ያነሳል፣ የደረቀውን ይገርዛል፣ ያረጀውን ከጉልበት በታች ጎንድሎ እንደገና ያስበቅላል። አበባ ላይ ግን እጁን ይሰበስባል። ፍሬው እስኪቀላ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ቀላቢው ቅጠሉ ነው። ቡና ደግሞ እንደ ሌላው ተክል አቅሜ አይችልም ብሎ ፍሬውን አራግፎ አይገላገልም። ቀለብ ሲያጥረው ከገዛ ቅርንጫፉ እየመጠጠ ያበላና ጫፉ ይደርቃል። የሚመጣው ዓመት አበባ የሚወጣው ዘንድሮ ባደገው እንጨት ላይ ስለሆነ፣ የሁለት ዓመት ምርት ላይ ነበር የተረባረብኩት።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ አንድ ጀበና አልፈጀበትም። ከሐረር የመጡ አንዲት ጎረቤት ብቻ የቀጠፍኩትን በነጠላቸው ጠቅልለው «ለቁጢ፣ ለቅጠሉ ሻይ፣ ይሆነኛል» እያሉ ወሰዱ። ያን ቀን ያመሰገነኝ ሰው እሳቸው ነበሩ።

ኅዳር ላይ ለለቀማ ተመለስኩ። አጎቴ ቅርጫት ሰጠኝና ወደ ዐሥራ አንዱ ቡና በአገጩ አመለከተኝ። ሌሎቹ ሁለተኛ ጆንያቸውን ሲሰፉ የእኔ ቅርጫት ታቹ ገና አልተሸፈነም ነበር።