ግድግዳ ፊት የቆመው ሰው፦ መነሻ ጥናት

በአዲስ አበባ አንድ ጎልማሳ ግድግዳ ፊት ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆመ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን ግድግዳው ራሱ በትልልቅ ፊደል ሲከለክለው ኖሯል፤ «እዚህ ቦታ መሽናት በሕግ ያስቀጣል»። ዛሬ ሁለተኛ ምክንያት ተከስቷል። ሰውየው ቀበቶውን ትቶ ካሜራውን ይፈታል፤ ጎንበስ ይላል፤ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የተላላጠውን ቀለም አንስቶ መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ጥናት ስለዚህ ሰው ነው።

ትርጓሜና ዝርያ

ለጥናቱ ሲባል «ግድግዳ አንሺ» ማለት በእረፍት ቀኑ ከተማውን በእግሩ እየዞረ፣ ሥራ ያለው ሰው ዞር ብሎ የማያየውን ነገር ፎቶ የሚያነሳ ነው፤ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ ልስን፣ የተንጋደደ አሸንዳ፣ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት አሮጌ በር። ቤቱ ታድሶ ቀለም ከተቀባ ፍቅሩ በዚያው ቀን ያልቃል።

አራት ዝርያ ተለይቷል። ባለበሩ ከፒያሳ አይርቅም። ባለቆርቆሮው አጥር ለአጥር ይሄዳል፤ በአንድ ቆርቆሮ ላይ ሰባት ዓይነት ቡናማ ቆጥሮ ያሳያል። ባለሽቦው ወደ መብራት ምሰሶ እያንጋጠጠ ስለሚሄድ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ውስጥ በመግባት ከሁሉም ይበልጣል። አራተኛው ባለጥላ ነው፤ ፀሐይዋ እስክትዞር ስለሚጠብቅ ከእሱ ጋር ቀጠሮ መያዝ አይመከርም።

የዘር ሐረግ

የዘሩ አባት ፈረንሳዊው ዩጂን አትዤ ነው። ከ1890ዎቹ መጨረሻ አንስቶ በ1927 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ከባድ የእንጨት ካሜራውን ተሸክሞ በአሮጌዋ ፓሪስ ሲዞር፣ የበር ማንኳኪያና የደረጃ መደገፊያ ሳይቀር ሲያነሳ ኖረ። ሥራውን ግን በጥበብ ስም አልጠራውም፤ «ለሠዓሊዎች የሚሆን ሰነድ» ነበር የሚለው። የዛሬው ልጅ አንድ የበር እጀታ ያነሳና «ዝምታ» ብሎ ይሰይመዋል።

በእኛ አገር ነገሩ የተጀመረው ከሌላኛው ጫፍ ነው። ቤተ መንግሥቱን ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያገለገለው የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ስሙን ያስጠራው ሰው በማንሳት ነው። ወላጆቻችንም ፎቶ ቤት ሲገቡ ፏፏቴና አበባ የተሳለበት መጋረጃ ከኋላቸው የሚዘረጋው፣ ሌላው ሌላው ቢቀር ግድግዳው እንዳይታይ ነበር። ግድግዳ አንሺው ይህን ሥርዓት ገለበጠው፤ መጋረጃውን ገፈፈ፣ ሰውየውን አስወጣ፣ ግድግዳውን አስቀረ።

የዝገት ምንጭ

ግድግዳው ለምን እንዲህ ሆነ? ግድግዳ አንሺውን ብትጠይቁት «ጊዜ» ይላል፤ የፎቶውም ርዕስ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የጥናቱ መልስ ግን ቁጥር አለው፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967። በዚህ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሆነ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ቀበሌው ከሚሰበስባት ኪራይ ጣራ መቀየር አልቻለም። ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ቆርቆሮ መግዛት ከበደው፤ ልግዛ ቢልም ፈቃድ ጠይቅ ተባለ። በዚህ መሐል ያለማንም ፈቃድ ሥራውን የቀጠለው ክረምት ብቻ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ጥበባዊ ዝገት ዋና ስፖንሰር አዋጁ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል፤ ሆኖም አጥኚው በተገኘበት በየትኛውም የፎቶ ዐውደ ርእይ ላይ ምስጋና ሲቀርብለት አልሰማም።

የመስክ ምልከታ

ግድግዳ አንሺውን በመስክ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥመዋል። የመጀመሪያው ጥበቃ ነው።

«ምንድን ነው የምታነሳው?»

«ግድግዳውን።»

«ግድግዳው ምን አደረገ?»

ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ የሰጠ ባለሙያ እስካሁን አልተገኘም።

ሁለተኛዋ የቤቱ ነዋሪ ናት። ጀበናዋን ከደጃፍ ጥዳ «ከወረዳ ነህ?» ትለዋለች። ልምዷ ነው የሚያናግራት። በእሷ ሰፈር ያረጀ ግድግዳን አተኩሮ የሚያይ ሰው ሜትር ይዞ የሚመጣ ነው። ባለሜትሩ ሲሄድ ቀይ ቀለም የያዘው ይመጣል፤ ከባለቀለሙ በኋላ ኤክስካቫተር። ግድግዳ አንሺው «ኧረ እኔስ፣ ስለሚያምር ነው» ሲላት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሥሩ ድስት የምትደቅንበትን ጣራ ቀና ብላ ታይና ዝም ትላለች። «ዝምታ» በሚለው ፎቶ ላይ ይህ ዝምታ አልተካተተም።

ግኝት

አንደኛ፣ የምስሉ ውበትና የኑሮው ምቾት አብረው አይሄዱም። ጣራው ባፈሰሰ መጠን ፎቶው ያምራል፤ ልስኑ በረገፈ መጠን አድናቂው ይበዛል።

ሁለተኛ፣ ለግድግዳ ከሞት ፍርድ የበለጠ የሚያስከብረው ነገር የለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሊፈርስ መሆኑ ሲሰማ፣ ለዓመታት ተቀምጦ ሥጋ ከመብላት ውጭ ቀና ብሎ ያላየው ሰው ሁሉ ካሜራ ይዞ ከች አለ። በሽተኛውን ሳይጠይቅ ለቀብር የሚቀድም ዘመድ በየመንደሩ አለ፤ ግድግዳ አንሺው የዚህ ዘመድ የከተማ ዝርያ ነው።

የጥናቱ ውስንነት

አጥኚው ራሱ ባለበር መሆኑን መደበቅ ሳይንሳዊ አይሆንም። በቅርቡ ከፒያሳ ተነሥተው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገቡ አንዲት እናት መንገድ ላይ አገኙት። «ልጄ፣ ያኔ ቤታችንን ስታነሳ አልነበር? እስቲ አንዱን ስጠኝ፤ ለልጅ ልጆቼ የማሳየው የለኝም» አሉት። አጥኚው ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። 11 ፎቶ ተገኘ፤ አሥራ አንዱም የአንዲት የዛገች የበር ማጠፊያ ናቸው። ቤቱ የለም። እሳቸውም የሉም። በአንዱ ጥግ በኩል የነጠላቸው ጥለት ገብቶ ነበር፤ ቅንብሩን ስላበላሸ አጥኚው ቆርጦታል።

እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ማጠፊያዋን እያራቁም እያቀረቡም አይዋት። «ውይ፣ ዘይት እንኳ ሳናደርግላት» አሉና መለሱለት።

ምክረ ሐሳብ

አንባቢ ሆይ፣ በር ልታነሳ ስትሄድ አስቀድመህ አንኳኳ። ወጥታ «ከወረዳ ነህ?» ካለችህ፣ «አይደለሁም፤ እስቲ ደጃፍሽ ላይ ቁሚና ላንሳሽ» በላት።