ፒንሳ ያልያዘች የመብራት ሰው

የልጅ ልጄ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተመረቀች ዕለት፣ በናፍታሊን ያቆየሁትን ሙሉ ልብስ አውጥቼ ለበስኩ። ከቤታችን መብራትን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ወጣ ብዬ ለዕድርተኛው ሁሉ አወራሁ። የመሣሪያ ሣጥኔንም ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁና ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ቴስተሩን አንድ በአንድ በዘይት ወልውዬ ሰጠኋት። ጉልበቴን ሳመች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት መጥታ፣ "አባባ፣ ቴክሳስ ሄጄ ኤምቢኤ ልማር ነው፤ ኢነርጂ ላይ" አለችኝ።

"ኤምቢኤ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የቢዝነስ አስተዳደር ነው።"

"ታዲያ ኢነርጂን ምን አገባው?"

"ኢነርጂ እኮ ቢዝነስ ነው፣ አባባ።"

ሣጥኑ ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ።

እኔ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ቆቃ የሠራሁ ሰው ነኝ። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የአዋሹ የቆቃ መብራት ማመንጫ። ሦስት ተርባይን አለው፤ እያንዳንዱ 14.4 ሜጋዋት። ጤንነታቸውን ከድምፃቸው እናውቅ ነበር። የማታ ተረኛ ሆኜ እንቅልፍ ቢያሸልበኝ እንኳ፣ ሁለተኛዋ ድምፅዋን ስትቀይር ብድግ እላለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "እኔ ስጠራህ አትሰማ፣ ለብረት ትነቃለህ" ትለኝ ነበር። በዚያ ግቢ ንግድ የሚባል ነገር ካየሁ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር በዋጋ ስንከራከር ነው።

የኤምቢኤው ማመልከቻ ነገር ብቻውን ያስቃል፤ ያስለቅሳልም። "የወደቅሽበትን ጊዜ ጻፊልን" ይላሉ። በእኛ ጊዜ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ውድቀቱን ይደብቃል፤ ሰፈሩ ቢያውቅ እንኳ ዝም ይልለታል። እነዚህ ደግሞ አሳምረሽ፣ በቃላት ቆጥረሽ አምጪ ይላሉ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃ ስታወጣ የኖረች ልጅ፣ ውድቀት ፍለጋ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣች። "የመንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቅሽውን ጻፊ" ብላት፣ "እሱ ሊደርሺፕ የለውም" አለችኝ።

ከዚያ የአሳንሰሩ ነገር መጣ። ከአንድ ትልቅ የኩባንያ አለቃ ጋር አሳንሰር ውስጥ ድንገት ብትገናኝ፣ በር እስኪከፈት በ30 ሰከንድ ራሷን አስተዋውቃ ሥራ እንድትጠይቅ ትለማመዳለች። መስታወት ፊት ቆማ፣ ስልኳ እየቆጠረባት። እኔ እንኳ አንድ ቀን አሳንሰር ቆሞብን ከአንድ የባንክ ሰው ጋር ሁለት ሰዓት ተቆልፌ አውቃለሁ። ራሴን አስተዋውቄ ስጨርስ ሰባት ቤት የዘር ሐረጌን ቆጠርኩለት፤ ከዚያም ወደ ተርባይኖቹ ገባሁ። በሩ ሲከፈት ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። ሥራ ፈልጌ አይደለም፤ ጡረተኛ ነኝ። ግን ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ብቻ ተቀበሏትና ሄደች። ሂዩስተን፣ የነዳጅ ከተማ፣ ወንዱ ልጄም የሚኖርበት ነው። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ እኔም በየሳምንቱ ደሜ ይፈላል። ኔትወርኪንግ የሚሉት ትምህርት አላቸው። ብርጭቆ ይዞ መቆም፣ የማያውቁትን ሰው ስም ከደረቱ ላይ ማንበብ፣ መሳቅ፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ። ለዚህ ባሕር ማቋረጥ ያስፈልጋል? እኛ ለቅሶ ቤት አለን። ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን የተቀመጠ ሰው ከቀበሌ ሊቀመንበር እስከ ሚኒስትር ዴኤታ ይተዋወቃል፤ ንፍሮውም በነፃ ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ ገና ያልመነጨ መብራት እንዴት እንደሚሸጥ ተማርኩ አለችኝ። የመጪው ክረምት ኤሌክትሪክ ዛሬ ይሸጣል፤ የገዛውም መልሶ ይሸጠዋል፤ ከመካከላቸው ሽቦ የነካ አንድ ሰው የለም። ላም አለኝ በሰማይ ስንል ለቀልድ ነበር። እነዚህ ወተቷን በሊትር ተዋውለው ተፈራርመዋል።

ክፉኛ የተቀያየምነው ግን በዲስካውንት ነው። ጣቢያ ከመሥራትህ በፊት ወደፊት የሚያስገባውን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ትመልሰዋለህ፣ በየዓመቱ እየቀነስክ አለችኝ። በ10 በመቶ ከቀነስክ፣ ከ50 ዓመት በኋላ የምታገኘው 1 ብር ዛሬ 1 ሳንቲም አይሞላም። እኔም ወረቀት አምጥቼ አባዛሁ፣ አካፈልኩ፤ እውነቷን ነው፣ አይሞላም። "እንግዲያው" አልኳት፣ "ቆቃ 60 ዓመት አልፎታል። በ1952 የእናንተ ሰው ወንበር ላይ ቢሆን፣ የእኔን የጡረታ ዘመን መብራት ምን ብሎ ይጽፈው ነበር?" ትንሽ አሰበችና፣ "ዜሮ ገደማ" አለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ማታ መልሼ ደወልኩ፤ በእኔ ዕድሜ ተቀይሞ ማደር ለደም ግፊት ጥሩ አይደለም።

ኤንሮንን ሲያስተምሯቸው ደግሞ በደስታ ቡና አስፈላሁ። የዚያችው የሂዩስተን ኩባንያ ነው፤ ፎርቹን የሚባለው መጽሔት ስድስት ዓመት በተከታታይ የአሜሪካ ቀዳሚ ፈጣሪ ኩባንያ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 የከሰረው። አለቃው ጄፍሪ ስኪሊንግ የሃርቫርድ ኤምቢኤ ነበር፤ ኋላ እስር ቤት ገባ። ካሊፎርኒያ በጨለማ ስትቸገር የኩባንያው ነጋዴዎች በስልክ ደውለው፣ የሚሠራ ጣቢያ ምክንያት ፈልጋችሁ ዝጉልን፣ ዋጋው ይውጣ ብለዋል፤ ድምፃቸው ተቀድቶ ተገኝቷል። ጤነኛ ተርባይን ዝጋ! እኔ ብሆን የሚደውለውን ሰው እናቱ ቤት ድረስ ሄጄ እከሰው ነበር። "ይኸው ትምህርት ቤትሽ" አልኳት። "ለዚህ እኮ ነው የሚያስተምሩን፣ አባባ።" ለዚህ ማለት እንዳይደገም ይሁን እንዳይያዙ፣ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ቴክሳስን በተመለከተ እኔም የራሴ ማስረጃ አለኝ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በረዶ ሲመታቸው፣ የጋዙ ቧንቧም ጣቢያዎቹም ቀዝቅዘው ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤት ጨለመ። ልጄ በሌሊት ደወለ።

"አባዬ፣ መብራት ሄደ።"

"ይመጣል። ሻማ የለህም?"

"ሻማ የለኝም።"

ሻማ የለኝም! ከመሳቢያው ሻማ ጠፍቶ በማያውቅ ቤት ያደገ ልጅ! ቤት ዘግተህ ከሰል እንዳታነድ ብዬ መክሬ፣ መብራት አብርቼ ተቀመጥኩ፤ የዚያን ሌሊት እኛ ዘንድ መብራት ነበር፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ነገሩን አሁን ለልጅ ልጄ አነሳሁባት። የጅምላ ዋጋው ለቀናት በሜጋዋት ሰዓት 9,000 ዶላር ላይ ተሰቅሎ ነበር አለችኝ። ለኪሎዋት ሰዓት ሲመታ 9 ዶላር ነው። "እኛ ለብዙ ዓመት የመጀመሪያውን እርከን 27 ሳንቲም ከፍለናል!" ብዬ ፎከርኩ።

"እሱም በሽታ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ያኛው ሰውን ያቆስላል፣ የእኛው ጣቢያውን። ግልገል ጊቤ 3 በከፊል በብድር ተሠራ፤ 1,870 ሜጋዋት። ብድሩ በዶላር ነው። 27 ሳንቲሙ በስንት ዓመት ይከፍለዋል? ይቺን የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል እኮ፣ አባባ።"

መልስ አልሰጠኋትም። ከዘጋን በኋላ ግን ያንኑ ወረቀት ገለበጥኩት። በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት በ27.3 ሳንቲም፣ 13 ብር ከ65 ሳንቲም። ያኔ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነበር። በአንድ ማኪያቶ አንድ ወር ሙሉ ስታበራ ከርመህ ተርባይን ለምን ያረጃል ማለት… ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። እንዳታይብኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ፣ ክፍላችን ውስጥ በየሳምንቱ አንድ የሥራ ታሪክ ይዘን እንከራከራለን፣ ያንተን የእምቦጭ ሌሊት አቀረብኩት አለችኝ። ታሪኩ ይሄ ነው። በአንድ ክረምት ሌሊት ጎርፍ እምቦጩን ገፍቶ የውኃ መግቢያውን ወንፊት ደፈነብን። ውኃ አነሰ፣ ሁለተኛዋ ማጓራት ጀመረች። አለቃ የለም፣ ስልክ አይሠራም። "ምን ማድረግ ነበረበት?" ብላ ጠየቀቻቸው። አንዱ ቀድሞ ኢንሹራንስ መግባት ነበረበት አለ። አንዱ አማካሪ ይቀጠር አለ፤ በእኩለ ሌሊት፣ ቆቃ! ሌላው ኮሚቴ። አንዲት የናይጄሪያ ልጅ ብቻ፣ "ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጅ የለም?" ብላ ጠየቀች። ተባረኪ። እኔ ያደረግኩት ያንኑ ነው፤ የተርባይኗን ጭነት ቀንሼ፣ ሦስት ዓሣ አጥማጆች ቀስቅሼ፣ በገመድና በሜንጦ እየጎተትን አነጋነው። ውላችን ሁለት ጠርሙስ አረቄ ነበር፤ ከኪሴ።

ልጅቱ በዚህ አላበቃችም። ለልምምድ ብላ ሲቪዬን ሠርታ ላከችልኝ፣ አንድ ገጽ። 40 ዓመት በአንድ ገጽ! ቆቃ ላይ ማታ ማደሬ "በፈረቃ ኃላፊነት 43 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ መርተዋል" ሆኗል። አረቄው "ከአካባቢው ባለድርሻ አካላት ጋር ስኬታማ ድርድር አካሂደዋል" ተብሏል። ከልብስ ሣጥኔ ያለችውን የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ሳይቀር "በ5,150 ሜጋዋት ፕሮጀክት ላይ ኢንቨስት አድርገዋል" ብላ አስገብታታለች። መነጽሬን አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለዕድሩ ጸሐፊም አሳየሁት፤ ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ብቻ።

ከዚያ ስህተቱን አገኘሁትና ደወልኩላት፤ እዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር መሰለኝ።

"14.4 ሲባዛ በ3 ስንት ነው?"

"እ… አባባ? 43.2።"

"43 ብለሽ ጽፈሻል።"

"አጠጋግቼው ነው እኮ…"

"200 ኪሎዋት ነው ያጠጋጋሽው! ተነሺና አስተካክለሽ ላኪ፤ ዕድሩ እሑድ ይሰበሰባል።"