«አባይ» የሚለው ስም አመጣጥና የስሙ ባለቤቶች ሁኔታ

«አባይ» ባሕር ዳር ላይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ፣ ጢስ አባይ ላይ ቁልቁል ተወርውሮ፣ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር የሚገናኘው ወንዝ መጠሪያ ሲሆን፣ ከወንዙ ጋር የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው ስለ ወንዙ ዘወትር የሚጠየቁ ሰዎች የተጸውዖ ስምም ነው። የተጸውዖ ስም ማለት አንድ ሰው ዕቁብ ሲወጣለትም ሆነ ዕዳ ሲጠየቅ የሚጠራበት ስም ነው።

የወንዙ ስም «ዐብየ» ማለትም «ታላቅ ሆነ» ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር ይዛመዳል፤ ሁዳዴ «ዐቢይ ጾም» የተባለውም ከዚሁ ግንድ ነው። ስለዚህ ስሙ በዐይኑ «ዐ» ሊጻፍ ይገባው ነበር፤ ዳሩ ግን አማርኛ ሞክሼ ሆሄያትን፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆነ የተለያዩ ፊደላትን፣ በንባብ መለየት ከተወ ዘመናት ስላለፉ፣ ጸሐፊው ሁሉ እጁ የለመደውን አልፋውን «አ» ይጽፋል። በአልፋው «አ» ደግሞ «አበለ» ማለትም «ዋሸ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ «አባይ ጠንቋይ» በሚለው አነጋገር የሚታወቅ ሌላ «አባይ» አለ። በዚህ ምክንያት ወላጆች ታላቅነትን ተመኝተው ያወጡት ስም፣ ቀበሌ ደርሶ ክብ ማኅተም ሲያርፍበት ውሸታምነት ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

ነገሩ የሚከፋው «አባይነህ» ላይ ነው። ይህ ስም ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር በመሆኑ፣ እናት ልጇን ለምሳ ከደጅ ደጋግማ ስትጣራ፣ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ጎረቤት የክስ ጭብጥ እየተነበበ ሊመስለው ይችላል። «አባይነሽ» ከዚህ የምትለየው በተከሳሿ ፆታ ብቻ ነው።

ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ የሚነሳው ውሃ ጣና እስኪገባ «ግልገል አባይ» ይባላል፤ ከሐይቁ በሌላ በኩል ሲወጣ ግን ግልገልነቱ ቀርቶለት ሙሉ አባይ ይሆናል። ሰዎቹ ይህ ዕድል የላቸውም፤ በቤተሰብ ውስጥ «ትንሹ አባይ» የተባለ ሰው የሚያልፍበት ሐይቅ ስለሌለ፣ የልጅ ልጅ አይቶም ትንሹ አባይ እንደሆነ ይኖራል።

ወንዙ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት «ግዮን» ነው። በዚህ ስም የሚጠራው የአዲስ አበባ ሆቴል የሚገኘው በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ስለሆነ፣ ግቢው ላይ የሚጥለው ዝናብ ወደ ግዮን ሳይሆን በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ ይቀራል።

የስሙ ባለቤቶች ስለ ወንዙ የመጠየቅ ኃላፊነት የጠበቀው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አባይ የተባለ ሰው ይጠየቅ የነበረው ስለ ጤናው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ አሞላል ማብራሪያ እንዲሰጥ ይጠበቅበት ጀመር፤ ሠፈር ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥርም ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል።

ወንዙ ሱዳን ሲገባ ስሙን በዐረብኛ ለውጦ ያለ አንዳች የሰነድ ጥያቄ ያልፋል። ሰው ግን ስሙን በላቲን ፊደል አስጽፎ ፓስፖርት ማውጣት ግዴታው ስለሆነ፣ የአንድ አባይ ልጆች የሆኑ ወንድማማቾች፣ የአንዱ የአባት ስም በአንድ «ቢ»፣ የሌላው በሁለት «ቢ» ተጽፎ ከተገኘ፣ ወንድማማችነታቸውን በማስረጃ እንዲያረጋግጡ ይጠየቃሉ።